ደብረ ታቦር ላይ ስለሰጠመችው ጀልባ

ቀን፦ ነሐሴ 20
ቁጥር፦ የለውም

ለክቡር አቶ ዓለምነው ይርጋ
የሐይቅ ዳር መዝናኛ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለጽሕፈት ቤትዎም እስካሁን አጥቶት የማያውቀውን ዕረፍት እመኛለሁ። እኔ በአጥር የምዋሰንዎት ጎረቤትዎ ዝናሽ ዘውዱ፣ ከጉና ከሚወርደው ጉምና ከነሐሴው ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል እንዳላስገባ፣ መዝገብ ቤትዎ ወጪ ቁጥር የሌለው ወረቀት አይቀበልም፤ እኔ ደግሞ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የምጽፍ ሴት ነኝና ወጪ ቁጥር ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ በየወሩ በማወጋባት በዚችው የመጽሔት ገጼ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ በአደባባይ ስለደረሰዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለእርስዎም ሆነ ሁልጊዜ ጆሮ ለሚያውሱኝ አንባቢዎቼ አንድ ገመናዬን ላውጣ። እኔን ጀልባ አዙሮኝ ሊያስመልሰኝ የደረሰው ሐይቅ ላይ አይደለም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ያስታውሱ እንደሆነ በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ ሳምንት «ጋዜጠኞች መጥተው ጀልባችንን ይጎብኙ» ብለው ጠሩን፤ ጋዜጠኞች የተባልኩትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርቱካንማውን የሕይወት አድን ጃኬት አልብሰው፣ ድንጋይ ላይ በተቀመጠችው ጀልባ አሳፍረው ፎቶ ሲያነሱኝ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከሥሯ ያለውን ድንጋይ ሊቀይሩ አንድ ጎኗን በግንድ ብድግ አደረጓት። እርስዎ ልክ «ጀልባችን በአሁኑ ሰዓት በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ ትገኛለች» ከሚለው ቃል ሲደርሱ፣ እህል ያልቀመሰው ሆዴ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። ወደ ኋላዋ ተንደርድሬ አንገቴን ከባትሪው ሳጥን ላይ ደፋሁ። ከሆዴ የወጣ ነገር አልነበረም፤ ዓይኔ ግን አንድ ነገር አየ። ያየሁትን በቦታው እነግርዎታለሁ።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርገውና፣ የምጽፈው ስለ ጀልባዋ ብዬ አይደለም፤ ስለ ነጂዋ ስለ አቶ ደሞዜ ነው። ከመስቀል በኋላ በሚውለው ማክሰኞ የዲስፕሊን ኮሚቴዎ «ጀልባዋን በማበላሸት» ሊፈርድባቸው ቀጥሯል። ከፈረደባቸው ከሥራ ይሰናበታሉ፤ የነጂነት ማረጋገጫቸውም ይነጠቃል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሁሉ ሐይቅ ዙሪያ ሞተር የሚያስነካቸው ሰው አይኖርም። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎን የማመሰግንበትን ምክንያት፣ በእናንተው ደንብ መሠረት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጀልባዋን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። አምና ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በፎገራ በኩል ካለው ሐይቅ ዳር፣ ስምንት ሰው የምትይዝ፣ ነጭ፣ ወገቧ ላይ መቀነት የመሰለ ሰማያዊ መስመር የዞረባት ጀልባ ወረደች፤ ካህናቱ ጠበል ረጩላት፤ ወደዚያው ሐይቅ በሚገባው ወንዝም ስም «ጉማራ» ተባለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ታጥቦ የሚመለስ እንግዳ ግማሽ ሰዓት ሐይቅ ላይ ሳይንሸራሸር አይሄድም ነበር። መሪዋን የያዙት አቶ ደሞዜ፣ ከልጅነታቸው ጀምረው የደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩ የሐይቅ ዳር ሰው ናቸው። በሃምሳ ዓመታቸው ሦስት ወር ሠልጥነው ማረጋገጫውን ሲቀበሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ ወረቀቱን መስታወት አስገብተው፣ ግድግዳው ላይ ከሥዕለ ማርያም ቀጥለው ሰቀሉት። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ለቀልድ «ካፒቴን» አላቸው፤ ውሎ ሲያድር ቀልዱ ጠፍቶ ስሙ ቀረ። ከጥር እስከ ሰኔ ጉማራ አንድም ቀን አሻፈረኝ አላለችም።

2ኛ. ስለ ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ አመሰግናለሁ። አምና ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የንብረት መዝጋቢዋ ወይዘሮ ትእዛዝ አንድ ጣሳ ቀይ የዘይት ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዘው ሐይቅ ዳር ወረዱ። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ወይዘሮ ትእዛዝ ቁጥር ያልጻፉበት የመንግሥት ንብረት ቢኖር ግቢያችሁ ያለው ጉም ብቻ ነው። ጃኬቶቹን በቁጥር፣ መቅዘፊያዎቹን በቁጥር፣ መልሕቁን በቁጥር፣ የመቀመጫ ስፖንጁን በቁጥር፣ ውኃ መጥለቂያዋን ባልዲ በቁጥር አስጌጡ። ሞተሩ ላይ ሲደርሱ መመሪያው «ቁጥሩ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ለመፋቅ በማይመች ቦታ ይጻፍ» ይላል አሉ። ከዚያ ሁሉ ሞተር ንጹሕ ብረት ሆኖ የተገኘው፣ የባትሪው ጥቁር ገመድ ከሞተሩ ጋር በብሎን የሚታሰርበት፣ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብረቀርቅ አንድ ቦታ ነበር። እርስዎ ክቡርነትዎ ምሁር ስለሆኑ ያውቁታል፤ ከባትሪው የወጣው ኃይል ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚሁ ጥቁር ገመድ ነው፤ ብረት ከብረት ካልተነካካ መመለሻ የለውም። ያ ቦታ የሚያብረቀርቀውም ለጌጥ አልነበረም። የጽሕፈት ቤታችሁ ሾፌር ቁልፍ አቀበለ፤ ብሎኑ ተፈታ፤ ገመዱ ገለል ተደረገ፤ ሐ/ዳ/መ/0147 ተብሎ ተጻፈ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ገመዱ ከላዩ ላይ ተመልሶ ታሰረ። አቶ ደሞዜ ያን ዕለት አልነበሩም፤ እርሳቸውን ራሳቸውን ለመቁጠር ይሁን አላውቅም፣ ለፊርማ ደብረ ታቦር ተጠርተው ነበር።

ስለ ወይዘሮ ትእዛዝ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን ኃጢአት ይሆንብኛል። ከዓመታት በፊት ሁለት ወንበሮች ቁጥራቸው ለቅቆ «ጠፍተዋል» ተብለው፣ ወንበሮቹ እዚያው ቆመው ሳለ፣ ሴትዮዋ አንድ ዓመት ሙሉ ሲመረመሩ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ብሩሹን ከእጃቸው ያላወረዱት። የፈራ ሰው ብሩሽ ሲይዝ እጁ ይከብዳል።

3ኛ. ለአምስት የደብረ ታቦር መምህራን ስላደረጋችሁት ትዝናኖት አመሰግናለሁ። ቆጠራው በተደረገ በሳምንቱ ጉማራ መሃል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለች። ቁልፉ ሲዞር ከሞተሩ «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በቀር ወሬ የለም፤ ጥሩምባዋ እንደ ጉንፋናም ፍየል ድምፅዋ ሰለለ፤ ውኃ መምጠጫ ፓምፗም ተኛ። ዕንጨት ጭኖ የሚያልፍ አንድ ባለታንኳ ቀረብ ብሎ «ካፒቴን፣ በሬዎ ተኛ እንዴ?» ቢላቸው፣ አቶ ደሞዜ «ተኛብኝ ወንድሜ፤ ጅራቱን ብጠመዝዘውም አልነሣ አለ» ብለው ገመድ ወረወሩለት። እነሆ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የደንገል ታንኳ የሞተር ጀልባ እየጎተተ ወደብ ገባ። አንደኛው መምህር፣ ፊዚክስ አስተማሪ ናቸው አሉኝ፣ መንገዱን ሙሉ ዕንጨቱን ሲያዩ መጡ።

4ኛ. ስለ ቴክኒክ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ባትሪውን አስፈትቶ፣ በአውቶቡስ አሳፍሮ፣ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር አመጣው፤ ባትሪ ቤቱ «ይኼ እኮ ሙሉ ነው» ብሎ መለሰው። እንደገና በአውቶቡስ ወረደ። ቀጥሎ ፊውዙ ተቀየረ፤ ቀጥሎ የቁልፉ ማስገቢያ ተቀየረ፤ ቀጥሎ ደህና የነበሩት መብራቶች ተቀየሩ። አንዳንድ ጊዜ ብሎኑ በጥርሱ በኩል ትንሽ ኃይል ያሾልክና ሞተሩ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ኮሚቴው «ተጠግኗል» ብሎ ይፈርማል፤ ማዕበል ነቅነቅ ሲያደርጋት ደግሞ ይጠፋል። በመጨረሻ፣ ቃለ ጉባኤውን ያየ ሰው እንደነገረኝ፣ ብልሽቱ የኤሌክትሪክ እንዲሆን በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ድምፁን ላቀበው ሰው አክብሮቴን ያድርሱልኝ።

5ኛ. አቶ ደሞዜን ሦስት ወር ሙሉ ስለረሳችኋቸው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጀልባዋ የዳነችው በዚያ ጊዜ ነውና። ዘንድሮ ጥቅምት አንዲት የመኪና አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዘው ተቀመጡ። የመስኖ ውኃ የጠፋበት ገበሬ ቦዩን ከምንጩ ጀምሮ እየተከተለ የት ላይ እንደሰረገ እንደሚፈልገው፣ እርሳቸውም ከባትሪው ጀምረው በአምፖሏ እየነኩ ሄዱ። ባትሪው ላይ ስትነካ በራች። የጥቁሩ ገመድ ጫፍ ላይ ስትነካ በራች። ከጫፉ አንድ ጣት አልፋ የሞተሩን ብረት ስትነካ ጠፋች። መላልሰው ነኩ፤ መላልሳ ጠፋች። ብሎኑን ፈቱት፤ ቀይ ቀለም። ከአባታቸው በወረሱት ሰንጢ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል ፋቁና መልሰው አሰሩት፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ያን ዕለት ወይዘሮ የሺሃረግ «ሰውዬው ለብቻው ሲስቅ ሐይቅ ያሳበደው መስሎኝ ነበር» ብለውኛል። አቶ ደሞዜ የሆነውን በሦስት መሥመር ጽፈው ለጽሕፈት ቤትዎ ላኩ፤ እርስዎም ከጥጉ ላይ «ታይቷል» ብለው ፈረሙ። ጉማራም ከጥቅምት እስከ ሰኔ አንድ ቀን እንኳ ሳትታመም ሠራች።

6ኛ. ሰኔ በየዓመቱ ስለሚመጣ አመሰግናለሁ። ዘንድሮም ቆጠራ ደረሰ፤ ወይዘሮ ትእዛዝም ብሎኑን አስፈትተው ቢያዩ፣ 0147 ከወገቡ ተቆርጦ 01 ብቻ ቀርቷል። ምን አደረጉ? ቁጥሩን በድርብ ቀለም አድሰው፣ «ዳግም እንዳይነካ» ብለው ብሎኑንም ከነጥርሱ ቀብተው አሰሩት። ከዚያ ጀምሮ ጉማራ «ጠቅ» ማለቷንም ተወች። በሳምንቱ ለአቶ ደሞዜ ሁለት ገጽ ክስ ደረሳቸው፦ «የመንግሥት ንብረት መለያ ቁጥርን ሆን ብሎ በስለት በመፋቅና የጀልባዋን የኤሌክትሪክ መሥመር በማበላሸት»። ከሥራ ታገዱ። ሰንጢያቸው በኤግዚቢትነት ተያዘ፤ ግምጃ ቤት የሚገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ሊኖረው ይገባልና፣ ስለቱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። አባትዬው ከሞቱ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ሰንጢያቸው የመንግሥት ሆኖ ሲያዩ በሰማይ ምን እንዳሉ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ አንገቴን ደፍቼ ያየሁት እንግዲህ ይህንኑ ነው፤ ከገመዱ ቀለበት ሥር ወዲህና ወዲያ ፈንጠር ያለ፣ እርጥብ የሚመስል፣ የሚያምር ቀይ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። በማግሥቱ ወደ ገሳይ መውጫ መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቢያድግልኝን ጠየቅሁት። ቢያድግልኝ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ እየታየ «እቴ ዝናሽ፣ ቀለም ማለት ለኤሌክትሪክ የተዘጋ በር ነው፤ ሳሳ ወፈረ አይልም። አንድ ካቻቪቴና አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አለኝ። የማን እንደሆነች ስነግረው ግን ብቅ ብሎ አየኝና «የመንግሥት ናት? ተይኝ በእናትሽ፤ ልጆች አሉኝ» ብሎ ተመልሶ ገባ።

7ኛ. ስለ ጽሑፍ መልስዎ አመሰግናለሁ፤ መልስ መስጠት ትልቅነት ነው። አቶ ደሞዜ «ቁጥሩ ከገመዱ ሥር ወጥቶ በሞተሩ ክዳን ላይ ይጻፍልኝ፤ ጀልባዋ ትነሣለች» ብለው አመለከቱ። መልስዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዐማርኛ ብዙ አይገኝም። የንብረት ቁጥር የሚፋቀው ንብረቱ ሲወገድ ብቻ ነው። ንብረቱ የሚወገደው ባለሙያ ሊጠገን እንደማይችል ሲያረጋግጥ ነው። ባለሙያ ተብሎ በኋላ የተጠየቀው ያው ቢያድግልኝ ነው፤ እርሱም እግዜርን ፈርቶ «በአምስት ደቂቃ ይጠገናል» ብሎ ፈረመ። ስለዚህ አይወገድም። ስላልተወገደ ቁጥሩ አይፋቅም። ስላልተፋቀ አትነሣም። ስላልተነሣችም አበላሿ አቶ ደሞዜ ናቸው። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት አጠገብ ስላደግሁ የማይፈታ ነገር ሲቀኙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እነዚያ ግን በመጨረሻ ይፈቱት ነበር።

8ኛ. ጀልባዋን ወደ እኛ ስላቀረባችሁልን አመሰግናለሁ። ሐምሌ ላይ «ለጥልቅ ምርመራ» ተብላ በጭነት መኪና አቀበቱን ወጣች። ድሮ ከጋፋት የንጉሡ መድፍ ሲጎተት ያየ አገር ነንና ጉተታ አይደንቀንም፤ ያኛው ግን ቢያንስ ወደ ሥራው ነበር የተጎተተው። አሁን ከወጥ ቤቴ መስኮት በየቀኑ አያታለሁ። የእኔዋ ቀይ ዶሮ ከነጂው ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ጀምራለች፤ ዘበኛው አያ ሙላቴም «እንቁላልሽን ልቀሚ» ብለው በበሩ ያስገቡኛል። ዝናቡ ግን ከዶሮዬ ይልቅ ትጉህ ነው። ሸራ ያልለበሰች ጀልባ ውኃውን ከውጭ እንድትከለክል ተሠርታ፣ ከውስጥ ይዛው ተቀመጠች፤ ፓምፗ በዚያው ገመድ የሚሠራ ስለሆነ አይመጥም፤ ባልዲዋ ቁጥር ስላለባት ያለ ፈቃድ አትወጣም። ውኃው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከወለሉ ነበር፤ እኔን ያሳፈራችሁኝ ዕለት አስቀድማችሁ በጣሳ አስቀድታችሁ ነበር፤ ዛሬ ከመቀመጫው አፋፍ ደርሷል። ጎረቤቴ እትየ እቴነሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩዋትና «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሐይቁን መስሎኝ ነበር እኮ አንቺ» አሉኝ።

አቶ ደሞዜ ለችሎቱ ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ሦስቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም፤ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ሥልጠና፣ አንዴ ለቅሶ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ አስገብቼ እሳት አሙቄያቸው ነበር፤ ሐይቅ ዳር የለመደ ገላ ለዚህ ብርድ አይሆንም። የመንደሩ ሰው አሁን «ጀልባ ያቃጠለው» ይላቸዋል፤ ካፒቴን የሚላቸው ቀርቷል። ወይዘሮ የሺሃረግ ማረጋገጫውን ከግድግዳው አውርደው በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ከተውታል፤ «እንግዳ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?» ብለው። አቶ ደሞዜ ይህን ሲያወሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከመስኮቴ ጉማራን ሲያዩ ግን ተነሡ። ከሥራ ይመልሱኝ አላሉም፤ ሰንጢዬን ይስጡኝ አላሉም። «እቴ፣ ከበስተኋላዋ፣ ከታች፣ ውኃ መልቀቂያ ውታፍ አለቻት። እሷን ንቀሉላት በሏቸው። ውኃው ሞተሩ ውስጥ ከገባ ማንም አያድናት» ነው ያሉት። ራሳቸው እንዳይነቅሉ ዕግዱ ከንብረቱ አሥር ሜትር ርቀው እንዲቆሙ ያዝዛል። ጽሕፈት ቤትዎ ሄደው ጠየቁ፤ ውታፉም ቁጥር ያለው ንብረት ስለሆነ ከቦታው ለማንሣት የንብረት እንቅስቃሴ ቅጽ ያስፈልጋል፤ ቅጹም አልቋል ተባሉ። በማግሥቱ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ወረታ ወረዱ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ የምለምንዎ ትንሽ ነው፤ እንደማያደርጉት ስለማውቅም ሳልጨነቅ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት ችሎቱ ከመቀመጡ በፊት፣ የኮሚቴው አባላት ከመሰብሰቢያው አዳራሽ እስከ ባሕር ዛፎቹ ያለችውን ሠላሳ እርምጃ ተራምደው፣ አንድ ብሎን አስፈትተው ይዩ። የአንድ ሳንቲም ስፋት ቀለም ይፋቅና ቁልፉ ይዙር። ካልተነሣች አቶ ደሞዜን ያሰናብቷቸው፤ እኔም ይህን ገጽ ለሌላ ጸሐፊ እለቃለሁ። ከተነሣች ደግሞ ለሌላው ነገር ሁሉ እንደ ልማድዎ ጊዜ ይውሰዱ፤ ለእሳቸው ግን የካፒቴንነት ስማቸውን በዚያው ዕለት ይመልሱላቸው።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ ባይተርፍዎ ኖሮ ያሳዝነኝ እንደነበር እየገለጽሁ፣ ለከፍተኛ ሹመት ያብቃዎ፣ ከዚህም አርቆ ያክብርዎ እላለሁ።

አጥር የለየን፣ ጉም ያገናኘን፣
የጽሕፈት ቤትዎ የዘወትር አድናቂ
ዝናሽ ዘውዱ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ትእዛዝ (በቁጥር እንዲመዘገብ)
ለቴክኒክ ኮሚቴው (ድምፁን ላቀበው ሰው ብቻ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አንድ ነገር ተፈጽሟልና ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት። ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ጭር ባለ ጊዜ፣ እንቁላሌን ልለቅም ገባሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እኔ አጥርዎን አልነቀነቅሁም፤ በበሩ ነው የገባሁት። አያ ሙላቴን እንዳይጠይቋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር፤ ከወትሮው ትንሽ ጮክ አድርገው። ከበስተኋላዋ ጎንበስ አልሁ፤ ውታፏን ነቀልኋት። ውኃው አርባ ደቂቃ ፈሰሰ፤ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወርዶ፣ በዋናው በር ሥር ሾልኮ፣ አስፋልቱን አቋርጦ ሄደ። ጉማራ ከሰኔ ወዲህ ውኃ ስታንቀሳቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለአቶ ደሞዜ ደውዬ «ፈሰሰ» ብላቸው «ሞተሯን አልነካውም?» አሉ። «አልነካውም፤ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር» አልኋቸው። «እግዜር ይስጥሽ እቴ» ብለው ዘጉት።

ውታፏ ከእኔ ዘንድ ናት፤ የጠላ ጋን ውታፍ የምታህል ጥቁር ጎማ፣ ጀርባዋ ላይ በቀይ ቀለም ሐ/ዳ/መ/0163 የሚል አለባት። ቁጥሩን አልፋቅሁትም፤ ሥርዓት አውቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት በመሐረብ ጠቅልዬ ይዣት እመጣለሁ፤ ከአቶ ደሞዜም ጎን እቀመጣለሁ። በዳኞቹ በኩል ሰው ቢጎድል እንኳ በተከሳሾች በኩል ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ሁለት ሆነናል። በዚያ ዕለት የሚሆነውን ሁሉ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ፣ ብሎኑ እንደተፈታና እንዳልተፈታ ሳይቀር፣ ለአንባቢዎቼ እዚሁ ገጽ ላይ እነግራቸዋለሁ። ገጹን ባዶ ሆኖ ካገኙት ግን አይጨነቁ፤ እኔም ቁጥር ተቀብቼ ግምጃ ቤት ገብቻለሁ ማለት ነው።